ወፌ ቆመች ካሉን በኋላ፦ ቆሞ መቆየት በዕድሜ እንዴት እንደሚቀየርና እንዴት እንደሚለካ

ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደገፍ ሲቆም ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይባልለታል። ልጁ ሁለት ሰከንድ ቆሞ፣ ተንገዳግዶ፣ በቂጡ ዘጭ ይላል። ማንም አይደነግጥም። እሱም ደግሞ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ ስለ መቆም የሚያወራ የለም። ስድሳ ሰባ ዓመት ዝም ነው። አንድ ቀን አያታችን መታጠቢያ ቤት ወድቀው ሲገኙ ግን ምርመራው ይጀመራል። ሳሙናው ነው። ነጠላ ጫማው ነው። ሴራሚኩ ነው። ማነው ውኃ የደፋው? ሚዛናቸው ላለፉት አስር ዓመታት ቀስ እያለ ሲከዳቸው እንደነበር የሚያነሳ የለም፤ የለካው ሰው ስለሌለ። ግፊታቸው በየወሩ ይለካል። ስኳራቸውም እንደዚያው። ሚዛን ሲባል ግን ትዝ የሚለን ኪሎ የሚያሳየው ዕቃ ነው።

እኔም ነገሩ ትዝ ያለኝ በቅርቡ ነው። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። የሚያስፈራ ሙዚቃ ከበስተኋላው አለ። «አስር ሰከንድ በአንድ እግርዎ መቆም ካልቻሉ ዕድሜዎ አጭር ነው» ይላል። የበዓል ማግስት ስለነበር ሁላችንም አንድ ቤት ነበርን። ወዲያው ሳሎኑ የሰርከስ ትርኢት ሆነ። ወጣቶቹ እየተሳሳቁ ቆሙ። የ68 ዓመቱ አጎቴ ስድስት ሲቆጠር የሶፋውን መደገፊያ ያዙ። አክስቴ 72 ናቸው። «እኔ ሽመላ ነኝ እንዴ በአንድ እግር የምቆመው?» ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ጓዳ ስገባ ግን የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው፣ በሹክሹክታ ሲቆጥሩ አገኘኋቸው።

ቪዲዮው የተጋነነ ነው። ከባዶ የመጣ ግን አይደለም።

ምንጩ የብራዚል ጥናት ነው። በሪዮ ዴ ጄኔሮ ክላውዲዮ ዢል አራውዦ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን 1,702 ሰዎች አስር ሰከንድ በአንድ እግር አቆሟቸው። ባዶ እግር፣ እጅ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ ፊት። የተነሳው እግር ከቆመው እግር ባት ጀርባ ይለጠፋል። ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል። ከዚያ በአማካይ ለሰባት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2022 ታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከአምስቱ አንዱ አስር ሰከንዱን አልጨረሰም። ከቻሉት መካከል በክትትሉ ዘመን የሞቱት 4.6 በመቶ፣ ካልቻሉት መካከል ደግሞ 17.5 በመቶ ነበሩ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ያልቻሉት ሰዎች በዕድሜም ገፋ ያሉ፣ በሽታም የበዛባቸው ነበሩ። ስኳር በሽታ በእነሱ ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛ ነበር። ተመራማሪዎቹ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ውፍረትንና በሽታዎችን አስልተው ካወጡ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም፤ የሞት ዕድሉ 84 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ሆኖም ጥናቱ የታየውን ነው የመዘገበው። አለመቆም ይገድላል አላለም። ቴርሞሜትር ትኩሳት እንደማያመጣው ሁሉ፣ የመቆም ፈተናም ሞትን አያመጣም። ውስጥ ያለውን ነው የሚያሳየው።

ለእኔ ከዚያ ጥናት የሞቱ ቁጥር ሳይሆን የዕድሜው ሠንጠረዥ ነው የሚገርመኝ። ከ51 እስከ 55 ባሉት ላይ ያልቻሉት 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ከ61 እስከ 65 ባሉት 18 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። ከ71 እስከ 75 ባሉት ግን ከግማሽ በላይ ናቸው። ሃያ ዓመት ውስጥ ነገሩ እንዲህ ይገለበጣል። አጎቴ ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው።

ቆመን ስንታይ ቆመን አይደለም

ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው የማይንቀሳቀስ ይመስለናል። ውሸት ነው። የመጥረጊያ እንጨት መዳፍህ ላይ አቁመህ ታውቃለህ? እንጨቱ እንዳይወድቅ እጅህ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይሄዳል። የቆመ ሰውም እንደዚያ ነው። ክብደታችን ከቁርጭምጭሚታችን ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ ቆመን እያለን ሁልጊዜ በግንባራችን ልንደፋ ነው። የሚይዘን ባታችን ነው። ይጎትታል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይጎትታል። ዓይን በማያየው መጠን፣ በሚሊሜትር፣ ሳናቋርጥ እንወዛወዛለን። መቆም ማለት ያለማቋረጥ መውደቅና ያለማቋረጥ መያዝ ነው።

ለመያዝ ደግሞ መረጃ ያስፈልጋል። አንጎል መረጃውን የሚያገኘው ከሦስት ቦታ ነው። አንዱ ዓይን ነው። ሁለተኛው የውስጥ ጆሮ ነው፤ ጭንቅላት ወዴት እንደዞረና እንዳዘነበለ ይነግረዋል። ሦስተኛው የእግር መዳፍ፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ስሜት ነው። ጨለማ ውስጥ ሆነህ እግርህ የት እንዳለ የምታውቀው በዚህ ነው። ብርሃን ባለበትና ወለሉ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ጤነኛ ሰው 70 በመቶ የሚደገፈው በእግርና በአካሉ ስሜት፣ 20 በመቶ በጆሮው፣ 10 በመቶ ብቻ በዓይኑ ነው የሚል በባለሙያዎች ዘንድ በብዙ የሚጠቀስ ግምት አለ።

ታዲያ ዓይን ይህን ያህል ትንሽ ድርሻ ካለው፣ መብራት ሲጠፋ አዛውንቶች ግድግዳ የሚዳብሱት ለምንድን ነው? ድርሻው ስለሚቀየር ነው። የእግር ስሜት ሲደክም አንጎል ወደ ዓይን ይሸጋገራል። ዓይን የመጠባበቂያ ጄነሬተር ይሆናል። ሁለቱም ሲደክሙ ነው ችግሩ። ሌሊት ለሽንት መነሳት ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያመጣል፦ ጨለማ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው አንጎል፣ ብድግ ሲሉ የሚወርድ ግፊት፣ የምንጣፍ ጠርዝ፣ ከፍ ያለ ደፍ።

ዕድሜ ሁሉንም ይነካል፣ እኩል ግን አይነካም። የውስጥ ጆሮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያነቡ ፀጉር መሳይ ሴሎች አሉ። እነሱ ሲሞቱ እንደ ልጅነት ጥርስ አይተኩም። ከእግር ወደ ላይ የሚሄደው የነርቭ መልእክት ይዘገያል። ጡንቻችንም ይቀንሳል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈጣኑ ጡንቻ። ስትደናቀፍ በቅጽበት እግርህን ወደ ፊት የሚወረውረው ያ ፈጣን ጡንቻ ነው። ብዙ አዛውንት «ጉልበት አለኝ እኮ፣ ለምን ወደቅሁ?» ይላሉ። ጉልበት አላቸው። ጉልበቱ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሰውነት የሚያዝበት ቅጽበት ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ ያ ካለፈ የፈለገ ጉልበት ቢኖር ዋጋ የለውም።

የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2024 አንድ ጥሩ ነገር አሳይተዋል። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን 40 ጤነኛ ሰዎች ወስደው አረማመዳቸውን፣ እጃቸው የመጨበጥ ኃይሉን፣ የጉልበታቸውን ጥንካሬና ሚዛናቸውን ለኩ። አረማመዳቸው በዕድሜ ብዙም አልተቀየረም። የእጃቸው የመጨበጥ ኃይልና የጉልበታቸው ጥንካሬ ቀስ ብሎ ወረደ። ከሁሉ በላይ የወረደው በአንድ እግር የመቆሚያ ጊዜ ነው። በማይመርጡት እግር ሲቆሙ በየአስር ዓመቱ 2.2 ሰከንድ፣ በሚመርጡት 1.7 ሰከንድ ቀነሰ። ዓይን ጨፍኖ በሁለት እግር ሲቆም የሚታየው መወዛወዝ ደግሞ በየአስር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ጨመረ። የተለኩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ትልቅ ድምዳሜ አይወጣበትም። ሰውየው እንደ ወትሮው ቀብረር ብሎ እየሄደ ውስጥ ውስጡን ሚዛኑ ሊያልቅ እንደሚችል ግን ያሳያል። ለዚህ ነው በዓይን አይተን «ደህና ናቸው» ማለት የማይበቃው።

አካሄድ ላይ ሌላም ነገር አለ። በስዊድኗ ኡሜዮ ከተማ ተመራማሪዎች በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ካሉ 58 ሰዎች ጋር እየሄዱ ወሬ ጀመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ መልስ ለመስጠት ቀጥ ብለው ቆሙ። በሚቀጥለው ስድስት ወር ከ12ቱ 10ሩ ወደቁ። ጽሑፉ በ1997 ነው የወጣው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በወጣትነት አረማመድ ሐሳብ አይፈልግም። በእርጅና ትኩረት ይጠይቃል። ወሬ ሲጨመርበት አንዱ ይቆማል። እኛ አገር ይህን ፈተና እንዴት እንደሚሠሩት እንጃ። ሰላምታችን ራሱ ቆሞ፣ ስለ ልጅ ስለ ከብት ተጠይቆ የሚያልቅ ስለሆነ ሁላችንም እንወድቅበታለን።

በሰዓትና በወንበር

ሚዛንን የመለካት ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የሚያሳዝን በሽታ ነው። በ1840ዎቹ በርሊን ውስጥ ሞሪትዝ ሮምበርግ የተባለው ሐኪም አንዳንድ ሕሙማን ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እንደሚወድቁ ጻፈ። በሽታቸው ቂጥኝ ነበር፤ ቂጥኝ መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው። የአከርካሪ ሰረሰራቸው ጀርባ በኩል ያለው፣ የእግርን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው መንገድ ተበላሽቷል። ዓይናቸው ክፍት እስከሆነ ድረስ ይቆማሉ። ፊታቸውን ሲታጠቡ ግን፣ ሳሙና ፈርተው ሲጨፍኑ፣ ይንገዳገዳሉ። የሮምበርግ ፈተና ዛሬም በስሙ አለ። እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ ዓይን መጨፈን። መሣሪያ አይፈልግም። አጠገብ ቆሞ የሚይዝ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

አክስቴን ስለ ፊት መታጠብ ጠየቅኋቸው። «ድሮ በሁለት እጄ ነበር፣ አሁን አንዱ እጄ ገንዳውን ይይዛል» አሉኝ። መቼ እንደጀመሩ አያስታውሱም። ማንም አላስተማራቸውም። አካላቸው ራሱ ነው የወሰነው።

በአንድ እግር የመቆሙ ፈተና ሁለተኛው ነው። በ2007 አሜሪካ ውስጥ 549 ሰዎች ላይ የተሠራ ልኬት አለ። ከፍተኛው 45 ሰከንድ ሆኖ፣ ከ40 ዓመት በታች ያሉት በአማካይ 43 ሰከንድ ቆሙ። በሰባዎቹ ያሉት 15 ሰከንድ። ከ80 በላይ ያሉት 6 ሰከንድ። ዓይን ጨፍነው ደግሞ ወጣቶቹ ራሳቸው 9 ሰከንድ አካባቢ ነው የቆሙት፣ በሰባዎቹ ያሉት 2 ሰከንድ። አንተም አሁን ዓይንህን ጨፍነህ ብትሞክር ምን ያህል ቶሎ እንደምትወላከፍ ታየዋለህ። የምትይዘው ነገር አጠገብህ ይሁን እንጂ።

በአንድ እግር መቆም ለብዙ አዛውንት ከባድ ስለሆነ በደረጃ የተከፋፈለ ፈተናም አለ። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል የሚመክረው ነው። መጀመሪያ እግር ገጥሞ መቆም። ቀጥሎ አንዱን እግር በግማሽ ወደ ፊት ማስቀደም። ቀጥሎ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ፊት ገጥሞ በአንድ መስመር መቆም። በመጨረሻ በአንድ እግር። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ነው። ሦስተኛውን 10 ሰከንድ ያልጨረሰ አዛውንት የመውደቅ ስጋት አለበት ይባላል።

ለእኔ የሚጥመኝ ግን የወንበሩ ነው። በ1991 ሁለት የካናዳ ባለሙያዎች አሁን ባለው መልክ ያወጡት ነው። ሰውየው መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። «ጀምሩ» ሲባል ይነሳል፣ ሦስት ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል። በወትሮው ፍጥነት፣ በሚያዘወትረው ጫማ፣ ከዘራ ካለውም በከዘራው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ ልብ ይባላል። ይህን የምወድበት ምክንያት ኑሮን ስለሚመስል ነው። ማን ነው ገበያ ሲሄድ በአንድ እግሩ የሚቆመው? መነሳት፣ መዞር፣ መቀመጥ ግን በየቀኑ አለ። ሰዓቱን ስትይዝ ደግሞ ሰውየውን እየው። እጁን ተደግፎ ነው የተነሳው? ሲዞር ስንት ጊዜ ረገጠ? ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ዳሰሰ ወይስ ዝም ብሎ ወደቀበት?

ፊዚዮቴራፒስቶች ጋር ስትሄድ የበርግ ሚዛን የሚባል ረዘም ያለ ፈተና አለ። ይህም ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው። 14 ሥራዎች አሉት፤ ዕቃ ከመሬት ማንሳት፣ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ማየት፣ ራስን በራስ ዙሪያ ማዞር። እያንዳንዱ እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ድምሩ 56። ጥሩ ነው፤ ችግሩ በደንብ የሚራመድ ሰው ቶሎ ሙሉ ነጥብ ስለሚያገኝ ጀማሪውን ድካም አያሳይም።

ከዚህ በላይ መሣሪያ ነው። ፎርስ ፕሌት የሚባል ሰሌዳ ላይ ትቆማለህ፣ ክብደትህ ያረፈበት ነጥብ እንዴት እንደሚዞር ኮምፒውተር ይስልልሃል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ሕፃን ልጅ የሞነጫጨረው ይመስላል። በ1980ዎቹ ደግሞ ወለሉና ግድግዳው ራሱ የሚንቀሳቀስበት፣ ሦስቱን መረጃ ሰጪዎች አንድ በአንድ እያሳሳተ የሚለካ ማሽን መጣ። ከጠፈር የተመለሱ አስትሮናውቶች በዚሁ ተለክተዋል፤ ወጣትና ጠንካራ ሆነው ሳለ ለጥቂት ቀናት እንደ ታመመ ሰው ይንገዳገዳሉ። በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች ለቤት ጨዋታ የተሠራው የኒንቴንዶ ዊ ሰሌዳ ሥራውን ከውዱ መሣሪያ ብዙም ሳይርቅ እንደሚሠራ አሳዩ።

መሣሪያው ግን ሊያሳስት ይችላል። «ብዙ የተወዛወዘ መጥፎ፣ ትንሽ የተወዛወዘ ጥሩ» ብለህ ካነበብከው ትሳሳታለህ። የፈራ ሰው ይደርቃል። ከፍታ ላይ የቆመ ሰው መወዛወዙ ይቀንሳል፣ ስለተረጋጋ ሳይሆን ስለተገተረ። ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ የአንጎል በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎችም እንደዚያው። አንዴ የወደቁ አዛውንትም ይህ ድርቀት አለባቸው። እንዳይወድቁ ፈርተው ይገተራሉ፣ ተገትረው ደግሞ በቶሎ መያዝ ያቅታቸዋል። ከዚያ ከቤት መውጣት ይተዋሉ። እግር ሥራ ሲፈታ የበለጠ ይደክማል። ቤተሰብም «አረፍ ይበሉ፣ እኛ እናመጣልዎታለን» እያለ ያግዘዋል። በፍቅር የሚደረግ ጉዳት ነው።

መቋሚያ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዛውንቶች ሰዓታት ሙሉ ቆመው ሲያስቀድሱ አይተሃል። መቋሚያቸው ብብታቸው ሥር ነው፣ ወይም ደረታቸው ላይ ዘንበል ብሏል። ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ ያድራሉ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ መቆሚያ ነው። ዱላው ክብደት የሚሸከምበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን እጅ ብቻ ነው የሚያርፍበት።

ይህች «እጅ ብቻ» ትልቅ ነገር ናት። በ1994 ጄካና ላክነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ዓይን አስጨፍነው አቆሟቸውና በአንድ ጣት አንድ ነገር እንዲነኩ አደረጉ። መደገፍ አይቻልም። ጣቱ የሚጫነው ከ100 ግራም ክብደት እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር። ይህ ሰውን ሊሸከም አይችልም። ግን መወዛወዙ በእጅጉ ቀነሰ። ምክንያቱ ድጋፍ አይደለም፣ መረጃ ነው። የጣቱ ቆዳ «አሁን ወደ ቀኝ አዘነበልህ» ብሎ ለአንጎል ይነግረዋል። ከእግር የጠፋውን ወሬ ጣት ያመጣዋል። አክስቴ ገንዳውን የሚይዙት፣ አያት ጨለማ ውስጥ ግድግዳ የሚዳብሱት፣ አረጋዊው መቋሚያውን በጣታቸው የሚነኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዘራ የሽንፈት ምልክት አይደለም። ግን ልኩ ይኑረው። ጫማ አድርገህ ቀጥ ብለህ ስትቆም እጀታው ከእጅህ አንጓ እኩል ይሁን። አንድ እግር ከደከመ ከዘራው የሚያዘው በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ ሰው ከደከመው እግር ጎን ይይዘዋል፤ ፊልም ላይም እንደዚያ ነው የሚያሳዩት። የታችኛው ጎማ ካለቀ ደግሞ ከዘራው ራሱ ያዳልጣል። የሊስትሮ ልጅ እንኳ አሮጌ ጎማ ቆርጦ ይሠራልሃል።

ለክተን ምን እናደርጋለን?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል። ሳይታሰቡ ከሚደርሱ ጉዳቶች ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ገዳይ ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው የሚሞቱት። ስለዚህ የፈረንጅ አዛውንት ችግር ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑት ከሦስቱ አንዱ ገደማ በዓመት አንዴ ይወድቃል። ዳሌው የተሰበረ አዛውንት ደግሞ ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አዛውንት ወድቀው መነሳት ካቃታቸው፣ እግራቸው ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወጌሻ ቤት አይደለም የሚኬደው። ራጅ ያለበት ነው። ወጌሻ የሚመሰገንበት ብዙ ቦታ አለ። የዳሌ ስብራት ግን ቦታው አይደለም።

ሚዛን ሲጓደል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው፤ ከምክንያቶቹ የሚታከሙም አሉ። የመጀመሪያው ዓይን ነው። በ2006 አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከዓይነ ስውርነት ግማሹ ያህል ከሞራ የመጣ ነበር። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። የእንቅልፍ ኪኒን፣ የጭንቀት ኪኒን፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒት። አዛውንቱ ብድግ ሲሉ ጭው የሚላቸው ከሆነ ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ። ከቆሙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ከወረደ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። መድኃኒቱን ግን ራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ሦስተኛው እግር ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ወለሉን ሲረግጥ ጥጥ የረገጠ ያህል የሚሰማው ሰው አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም የሚጎዳው ያንኑ ሮምበርግ ያገኘውን የሰረሰር መንገድ ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰውም ሊያንሰው ይችላል። ጾማችሁን ተዉ እያልኩ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ፣ የስኳር ኪኒን የሚውጡ፣ እግሬ ደነዘዘ የሚሉ እናት ካሉህ ግን ለሐኪሙ አንሳለት።

ከዚያ ልምምድ ነው። በ2019 የወጣ ትልቅ ግምገማ ከ25 አገሮች 108 ጥናቶችንና 23,407 ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። ልምምድ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ልብ በል፣ የትኛውም ልምምድ አይደለም። ሚዛንን የሚፈትንና ከወንበር መነሳትን የመሰለ ኑሮን የሚመስል እንቅስቃሴ ነው። በእግር መሄድ ብቻውን ይህን ውጤት አላሳየም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። «በየቀኑ ይሄዳሉ እኮ» ይላል። መሄዱ ለልብ ጥሩ ነው። ሚዛን ግን ትንሽ ካልተፈተነ አይማርም። አንጎል የሚማረው ሊወድቅ ሲልና ሲያዝ ነው፤ እንደ ሕፃኑ። ልዩነቱ አዛውንቱ በቂጣቸው ዘጭ ማለት የለባቸውም። ስለዚህ ማዕድ ቤት ጥግ፣ ከፊት መደርደሪያ፣ ከኋላ ወንበር። ሁለት እጅ ይዞ፣ ከዚያ አንድ እጅ፣ ከዚያ አንድ ጣት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሐኪሙ በዓመታዊ ምርመራ «በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ያስተረጉማል። አባት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ልጁም «ኖ» ብሎ ይተረጉማል። ፎርሙ ይሞላል። ባለፈው ወር በረዶው ላይ መውደቃቸውን ሁሉም ያውቃል። ልጆች ፊት ወደቅሁ ማለት ያሳፍራል። ሰዓት ይዞ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ጥያቄ ይሻላል። ሰዓት አያፍርም።

እኔ ቤት ያለውን ልጨርስ። አጎቴን በወንበሩ ለካኋቸው፣ 14 ሰከንድ። ሐኪማቸው ዘንድ ስንሄድ ማታ ማታ የሚወስዱት የእንቅልፍ ኪኒን ተነሳ፤ አሁን ቀስ በቀስ እየተቀነሰላቸው ነው። አክስቴ የጓዳውን ልምምድ ቀጥለዋል። ስንት እንደደረሱ አይነግሩኝም። ከዘራ ገዝቼላቸው ነበር፣ በሩ ጀርባ ቆሟል። እሳቸው የሚወጡት ጃንጥላ ይዘው ነው፣ ያን ረጅሙን፣ በጠራራም በጨለማም። ባለፈው እሑድ ተደብቄ ለካሁት። እጀታው ልክ ከእጃቸው አንጓ ላይ ነው የሚደርሰው።